የፖም ወቅትና የአሳማ ጎድን፦ ከዴንማርክ ገበሬዎች ማዕድ የሚገኝ ትምህርት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፣



በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ እህል ዋጋና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። የዛሬው ንግግር ግን የሚነሣው ከምድጃ ነው። ርዕሱም የአሳማ ሥጋ ከወቅቱ ፍራፍሬ ጋር እንዴት እንደሚበሰልና ከዚያ ምግብ ጀርባ ምን ዓይነት የገበሬ ሥራ እንዳለ የሚያስረዳ ነው።

ርዕሱን ሲሰማ ግር የሚለው ሰው እንደሚኖር ይታወቃል። የአሳማ ሥጋ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም ሆነ በእስልምና ተከታዮች ዘንድ አይበላም። ማንንም ከእምነቱ ውጪ እንዲበላ የሚጋብዝ ቃል በዚህ ንግግር ውስጥ የለም። ምግቡ የዴንማርክ ነው፤ በአገሩ እንዳለ ይነገርለታል። በዚህ አዳራሽ የተነሣበት ምክንያት አንድ ነው። የዴንማርክ አሳማ በዓለም ገበያ ስሙ የተጠራው በአንድ ባለጸጋ ገንዘብ ሳይሆን፣ ገበያ ባጡ ተራ ገበሬዎች ኅብረት ነው። እነዚህ ገበሬዎች ለብቻቸው ቢሆኑ የሚደፉትን ነገር በጋራ ወደ ሀብት ለውጠውታል።

ምግቡና ወቅቱ

ዴንማርክ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። መሬቷ ዝቅተኛና ለእርሻ የተመቸ ሲሆን የብርድ ወራቷ ረጅምና ጨለማ ነው። በዚያ አገር አብዛኛው ፖም የሚለቀመው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከፖም ዝርያዎቹ መካከል ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው በደቡባዊ ዩትላንድ በምትገኝ ስፍራ ስም «ግሮስቴን» የተባለው ነው። ይህ ፖም ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ መዓዛው ያውዳል፤ ጣፋጭነቱ ከኮምጣጣነት ጋር የተመጣጠነ ስለሆነ ለወጥ ቤት ይመረጣል።

የጥንት ዴንማርካውያን ኅዳርን «የዕርድ ወር» ይሉት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብርድ ሲገባ መኖ ያጥራል፤ እንስሳውን እስከ ጸደይ መቀለብ ለገበሬው ከባድ ነው። በሌላ በኩል ብርዱ ሥጋ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። ስለዚህ አሳማው በዚያ ወር ይታረድና ሥጋው በጨው ተጠብቆ ለበረዶው ወራት ይቀመጣል። በዚያው ሰሞን ጓዳው በፖም የተሞላ ነው። ከዛፍ ሥር የወደቀውና የተጎዳው ፍሬም ለአሳማው ይሰጥ ነበር። ሥጋውና ፍሬው በአንድ መጥበሻ ላይ የተገናኙት እንግዲህ ሁለቱም በአንድ ወቅት በገበሬው ቤት ስለተገኙ ነው።

ከዚህ የተወለደው ምግብ በዴንማርክ ቋንቋ «ኤብለፍሌስክ» ይባላል፤ ፖምና የአሳማ ሥጋ ማለት ነው። በጥንቱ አሠራር የሚገባው በጨው የተጠበቀ የሆድ ሥጋ ነው። ከጎድን አጥንቱ ጋር የተቆረጠ ሥጋ፣ በሆቴል ቤት «ቾፕስ» የሚባለውም፣ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ለ4 ሰው የሚሆነው አሠራር እንደሚከተለው ነው።

4 የጎድን ቁራጭ ሥጋ፣ 3 ኮምጠጥ ያለ ፖም፣ 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ጦስኝ ይዘጋጃል። ሥጋው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ቢኖረው ይመረጣል፤ ከዚያ ከሳሳ ላዩ ሳይቀላ ውስጡ ይደርቃል። ከመጥበሱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ጨው ይነሰነስበትና ወደ ምጣድ ሲገባ በንጹሕ ጨርቅ ይደረቃል። እርጥብ ሥጋ አይጠበስም፤ ይቀቀላል።

መጥበሻው በደንብ ከጋለ በኋላ ሥጋው በመጀመሪያ በጮማው ጠርዝ እንዲቆም ይደረጋል። ጮማው ሲቀልጥ ለመጥበሻው ዘይት ይሆናል። ከዚያም በእያንዳንዱ ጎኑ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይጠበስና ወጥቶ በሳህን ላይ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በቀረው ስብ ላይ የተቆራረጠው ሽንኩርት ይገባል፤ ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ፖሙ ከነልጣጩ፣ እምብርቱ ብቻ ወጥቶ፣ ወፈር ወፈር ተደርጎ ተቆርጦ ይጨመራል። ጦስኙ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። ፖሙ መለስለስ እንጂ መፍረስ የለበትም። ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግበት መጥበሻው ላይ የያዘው ቡናማ ቅራሪ ይለቅና ለምግቡ መረቅ ይሆናል። በመጨረሻ ሥጋው ከነወዙ ይመለስና ለጥቂት ደቂቃ አብሮ ይሞቃል። ዴንማርካውያን ይህን የሚበሉት «ራይ» ከተባለው እህል በሚጋገር ጥቁር ዳቦ ነው።

የሙያው ምሥጢር ያለው በጮማና በኮምጣጣው መገናኘት ላይ ነው። ጮማ ብቻውን ሲበላ አፍ ላይ ይከብዳል፤ ቶሎም ያሰለቻል። በፖም ውስጥ ያለው አሲድ ያንን ክብደት ይሰብራል፤ ስኳሩ ደግሞ ሲጠበስ ቀልቶ ጣዕም ይጨምራል። በኢትዮጵያም እናቶች ይህን ነገር በሌላ በኩል ያውቁታል። የዶሮ ብልት በሎሚና በጨው ውሃ የሚታጠበው ጠረኑን ኮምጣጣው ስለሚያጠፋው ነው። የኮምጣጣ ፍሬና የሥጋ ወዳጅነት እንግዲህ ለማንም አገር እንግዳ አይደለም።

ስለ ብስለቱም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቀደም ባለው ጊዜ የአሳማ ሥጋ እስኪደርቅ ድረስ ይበሰል ነበር፤ በውስጡ የሚገኙ ጥገኛ ትላትሎች ስለሚያሰጉ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ያልተፈጨ የአሳማ ሥጋ ውስጡ 63 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ለ3 ደቂቃ ካረፈ በቂ መሆኑን አስታውቋል። ለተፈጨው ግን 71 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል። የዕርድ ምርመራ በሌለበት ስፍራ ግን ሥጋን በሚገባ ማብሰል የግድ ነው። ጥሩ ምግብ ከወጥ ቤት በፊት የሚጀምረው በቄራው ነው።

አሳማው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ በፊት የዴንማርክ ገበሬ ዋና ሽያጭ እህል ነበር። በዚያ ዘመን ግን በባቡርና በእንፋሎት መርከብ ከአሜሪካና ከሩሲያ ርካሽ እህል ወደ አውሮፓ ጎረፈ። የእህል ዋጋ ወደቀ። የዴንማርክ ገበሬ በዚያ ዋጋ እህል ሸጦ መኖር እንደማይችል ሲረዳ፣ ርካሹን እህል ለከብቱ አብልቶ ቅቤና ሥጋ መሸጥን መረጠ።

ነገር ግን ጥቂት ላሞች ያሉት ገበሬ ለብቻው ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቅቤ ማውጣት አይችልም። የአንዱ ቅቤ ጨው ይበዛበታል፤ የሌላው ይሻግታል፤ ነጋዴውም ሁሉንም በዝቅተኛ ዋጋ ይወስዳል። በዚያን ጊዜ ክሬምን ከወተት የሚለይ ማሽን ወጥቶ ነበር፤ ዋጋው ግን ከአንድ ገበሬ አቅም በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በምዕራብ ዩትላንድ፣ የዲንግ በተባለች መንደር ገበሬዎች ተሰባስበው የመጀመሪያውን የኅብረት ሥራ ወተት ማቀነባበሪያ አቋቋሙ። ገንዘቡን ያገኙት በጋራ ተበድረው፣ ለብድሩም በጋራ ኃላፊ ሆነው ነው። እስከ 1900 ድረስ በዴንማርክ የተቋቋሙት የዚህ ዓይነት ማኅበራት ከ1,000 በላይ ሆኑ።

ክሬሙ ለቅቤ ከወጣ በኋላ ብዙ ቀጭን ወተት ይተርፋል። ይህን ወተት ማን ይግዛው? ደፍቶ መተው ኪሳራ ነው። ማኅበራቱ ቀጭኑን ወተት ለየአባሉ እንደ አመጣው መጠን መለሱለት፤ አባሉም ከገብስ ጋር እየቀላቀለ አሳማ ቀለበበት። የቅቤው ሥራ በተስፋፋ መጠን የአሳማው ቁጥርም እየጨመረ ሄደ። የዴንማርክ አሳማ ያደገው እንግዲህ ከቅቤው በተረፈው ወተት ነው።

ብዙው አሳማ ከነሕይወቱ ይሸጥ የነበረው ለጎረቤት ጀርመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርመን ከዴንማርክ የሚመጣ አሳማ ከነሕይወቱ እንዳይገባ ከለከለች። በአንድ ውሳኔ ገበያው ተዘጋ፤ ገበሬው በረቱ ሙሉ ሆኖ ገዢ አጣ። ለዚህ የተሰጠው መልስ በዚያው ዓመት በሆርሰንስ ከተማ ተገኘ፤ ገበሬዎች የመጀመሪያውን የኅብረት ሥራ ቄራ አቋቋሙ። እንስሳው ከነነፍሱ ድንበር መሻገር ካልቻለ፣ ታርዶና በጨው ታሽቶ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይሻገራል ብለው ተነሡ። የእንግሊዝ ሕዝብ ለቁርስ የሚፈልገው «ቤከን» የተባለው ሥጋ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዴንማርክ ገበሬ ዋና ገቢ ሆነ።

ኅብረቱን ያጸኑት ደንቦች

እዚህ ላይ ለማኅበር አባላት ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ሌላም አገር ማኅበር ያቋቋመ አለ፤ ብዙው ፈርሷል። የዴንማርኮቹን ምን አጸናቸው?

የመጀመሪያው ድምፅ ነው። በማኅበሩ ስብሰባ 50 ላም ያለውም ሆነ 2 ላም ያለው ድምፁ አንድ ነው። በዴንማርክ ቋንቋ «ራስ» እና «ከብት» የሚሉት ቃላት በድምፅ በጣም ይቀራረባሉ፤ ገበሬዎቹም በቃላቱ እየተጫወቱ ድምፅ የሚቆጠረው በሰው ራስ እንጂ በከብት አይደለም ይሉ ነበር። የኢትዮጵያ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለውን ሥርዓት የያዙ ናቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ የሚለያየው አፈጻጸሙ ነው።

ሁለተኛው የማስረከብ ግዴታ ነው። ወደ ቄራው ማኅበር የገባ ገበሬ ለተወሰኑ ዓመታት ለሽያጭ የሚያቀርበውን አሳማ ሁሉ ለማኅበሩ ለማስረከብ በፊርማው ይገባል። የግል ነጋዴ ለጊዜው የተሻለ ዋጋ ይዞ ከደጁ ቢቆምም አይሸጥለትም። ይህ ግዴታ ባይኖር ኖሮ ቄራው ጥሩው አሳማ ለነጋዴ ተሸጦ የከሳው ብቻ የሚመጣበት ቤት በሆነ ነበር። ብድሩንም የሚከፍለው አይገኝም ነበር።

ሦስተኛው በጥራት መክፈል ነው። ወተቱ በቅባቱ መጠን፣ አሳማው በክብደቱና በሥጋው ጥራት ይከፈልበታል። የእንግሊዝ ገበያ ጮማ የበዛበትን አይወድም ነበርና ወፍራም አሳማ ያመጣ ያነሰ ይከፈለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ደግሞ ለዘር የሚሆነውን አሳማ በልጆቹ ዕድገትና ሥጋ የሚለይ የመፈተኛ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ገዢው የሚፈልገው ነገር እስከ ገበሬው በረት ድረስ ወረደ ማለት ነው። በዓመቱ መጨረሻ የቀረው ትርፍም ለየአባሉ ባስረከበው መጠን ይከፋፈላል።

እነዚህን ሦስቱን ማንም አላወረደላቸውም። ተሰብስበው ተከራክረው የተስማሙባቸው ናቸው። ጉዳዩ ሁሉ ያለ ችግር አለፈ ለማለትም አይቻልም። በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ትናንሾቹ ማቀነባበሪያዎችና ቄራዎች እየተዋሐዱ ሄዱ፤ ብዙ መንደሮች የራሳቸውን ማቀነባበሪያ አጡ። «ዴኒሽ ክራውን» የተባለው ትልቅ የሥጋ ድርጅት ከዚህ ውሕደት የወጣ ሲሆን ባለቤቶቹ ዛሬም ገበሬዎች ናቸው። ድርጅቱ ሲገዝፍ ግን የአንድ አባል ድምፅ ከስብሰባ አዳራሹ እየራቀ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ይህም ለማንኛውም የሚያድግ ዩኒየን ማስጠንቀቂያ ነው።

ከዴንማርክ ማዕድ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ

በኢትዮጵያ የዴንማርክ አሳማ ቦታ የለውም፤ የወደቀ ፖም ግን አለ። በጋሞ ደጋ፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በላይ በምትገኘው ጨንቻ፣ ፖም መተከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በወንጌል መልእክተኞች አማካይነት ነው። ዛሬ ጨንቻ በፖም ፍሬና ችግኝ የታወቀች ናት፤ አምራቾቿም በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁ ናቸው። ከዚያ ከብርዳማው ደጋ በታች ባለው ቆላ ደግሞ ሙዝና ማንጎ ይበቅላል።

ፖምም ሆነ ማንጎ በሚያመርት ቀበሌ ሁሉ የሚታየው ችግር ተመሳሳይ ነው። ፍሬው ባንድ ሰሞን ይደርሳል፤ ዋጋው ይወድቃል። ትልቁና ያልተጎዳው ፍሬ ገዢ ያገኛል። ትንሹ፣ የተጋጨው፣ ከዛፍ ሥር የወደቀው ግን ከገበያ ይመለሳል ወይም በማሳው ይበሰብሳል። ከተማ ያለው ሆቴል ደግሞ ምግብ ለማብሰል የሚፈልገው ፍሬ መልኩ ያማረ መሆን አያስፈልገውም፤ ከመጥበሻ ከገባ በኋላ የፖም ጠባሳ አይታይም። ሁለቱን የሚያገናኝ ማኅበር ከሌለ አንዱ ሲጥል ሌላው ሲፈልግ ይኖራሉ።

ከላይ የተነገረው አሠራር በበግ ጎድን ቢሠራ ከልማድም ከእምነትም ጋር አይጋጭም። የበግ ሥጋ ጮማው ብዙ ነውና የፖም ኮምጣጣነት ይስማማዋል። በአሳማው ፈንታ የበግ ጎድን ገብቶ በራሱ ስብ ይጠበሳል፤ ጮማው ካነሰ ጥቂት ንጥር ቅቤ ይታከላል፤ ሽንኩርቱ፣ ፖሙና ጦስኙ እንደዚያው ናቸው። ቃሪያ የሚወድ ሰው ሊጨምርበት ይችላል። ጦስኝ ከደጋው ራሱ የሚገኝ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ቅመም አያስፈልግም። በጾም ወራት ደግሞ ሽንኩርቱና ፖሙ ብቻ በዘይት ተጠብሰው ለእንጀራም ለዳቦም ማባያ ይሆናሉ።

ፓፓያ ለሚያመርቱ የቆላ አባላትም የሚጠቅም ነገር አለ። ያልበሰለ ፓፓያ የሥጋን ጅማት የሚያላላ ንጥረ ነገር አለው። ያረሰ በሬ ሥጋ ጠጣር ነው፤ ተቆራርጦ ከተፈጨ ጥሬ ፓፓያ ጋር ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ ይለሰልሳል። ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ላዩ ይላሽቃልና ሰዓቱን መጠበቅ ያስፈልጋል። አናናስም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ይህ ንጥረ ነገር በሙቀት ስለሚጠፋ ፍሬው መግባት ያለበት ሥጋው ከመጠበሱ በፊት ነው። ማንጎ ለዚህ አይሆንም፤ የእርሱ ጥቅም እንደ ፖም በጣዕሙ ነው።

እነዚህ የወጥ ቤት ነገሮች ለመሠረታዊ ማኅበራት የሥራ ሐሳብ ይሆናሉ። በመሰብሰቢያ ጣቢያ ፍሬው በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ቢለይ፣ ሁለተኛውም በታወቀ ዋጋ ቢገዛ፣ አባሉ የተጎዳውን ከጥሩው ሥር ደብቆ አያመጣም። ፍሬው በጆንያ ታጭቆ ሳይሆን በሣጥን ቢጓጓዝ መጋጨቱ ይቀንሳል። ዩኒየኑ ከሆቴሎች፣ ከኮሌጅ ምግብ ቤቶችና ከሆስፒታሎች ጋር ለሁለተኛው ደረጃ ፍሬ ውል ቢገባ፣ ገዢው ርካሽ ፍሬ ያገኛል፤ አባሉም ይጥለው ከነበረው ገቢ ያገኛል። የወረዳ ኃላፊዎች ድርሻም ግልጽ ነው፤ የዕርድ ምርመራው እንዲጠበቅ፣ መንገዱ በምርት ሰሞን እንዲያልፍ፣ ሚዛኑ እንዲፈተሽ ማድረግ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ከአባሉ የሚጠበቀው ነው። አንደኛ ደረጃውን ማታ ለነጋዴ ሸጦ ሁለተኛ ደረጃውን ጠዋት ለማኅበሩ የሚያመጣ አባል፣ ማኅበሩን የተረፈ ነገር መጣያ ያደርገዋል። ያ ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋ ሲጥል የሚጮኸውም ያው አባል ነው። የሆርሰንስ ገበሬዎች ፊርማቸውን ያስቀመጡት ይህን ፈተና አስቀድመው ስላዩት ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላል የአገሩ ተረት። የዴንማርክ ገበሬ ያን ያህል ቀጭን ወተት ለብቻው ይዞ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። ከጎረቤቶቹ ጋር ሲሆን ግን አሳማ አሳደገበት፤ ቄራ ሠራ፤ ልጆቹን አስተማረ። በብርዱ ወራት ከምድጃው ዳር ተቀምጦ ፖምና ሥጋ ሲበላ፣ በሳህኑ ላይ የነበረው ቀድሞ ይባክን የነበረ ነገር ፍሬ ነው።

በመጪው የምርት ወቅት በየቀበሌው ከዛፍ ሥር የሚወድቅ ፍሬ ይኖራል። ማኅበሩ ያን ፍሬ የሚያነሣበት ደንብ፣ ሣጥንና ገዢ ከአሁኑ ካዘጋጀ፣ የሚቀጥለው በዓል ሲከበር በማዕዱ ላይ የሚቀርበው የበግ ጎድን በአባላት ፖም የተሠራ ይሆናል።

መልካም የምሥረታ በዓል!